ማንንም ያልቀበረው ደራሲ

«ጥራዝ ነጠቅ» የሚለውን ስም ያወጣላት የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ ነው። ሊሰድባት አስቦ አይደለም፤ ቀልድ አምሮት ነበር። እሷ መጽሐፍ ጠራዥ ናት። ገጹ የተበተነ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ሻይ የፈሰሰበት መጽሐፍ ሁሉ ምድር ቤት ወዳለው ክፍሏ ይወርዳል። ታዲያ ከመስፋቷ በፊት ማንበብ ትጀምራለች። አንድ ቀን ኃላፊው ሳያንኳኳ ሲገባ፣ ክር የተሰካበትን መርፌ በከንፈሯ ይዛ ከአንድ ልብ ወለድ የተገነጠለ ገጽ ስታነብ አገኛት። የሚቀጥለው ገጽ ጠፍቶባት ጠረጴዛ ሥር በእጇ ትዳብሳለች። «ጥራዝ ነጠቅ ሲባል እሰማ ነበር፣ ዛሬ በዓይኔ አየሁ» አላት። ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፍ ነበር። እሷ ሳቀችና በማግስቱ ስሙን በካርቶን ላይ አሳምራ ጽፋ በሯ ላይ ለጠፈችው።

እኔ ፎቅ ላይ፣ የመጽሐፍ ውሰት ጠረጴዛው ጋ ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ።

ክፍሏ ጠባብ ነው። የሙጫ ጣሳ፣ የእንጨት መጭመቂያ፣ በየቀለሙ የተጠቀለለ ጨርቅ። አንዲት መስኮት አለችው፤ እሷም ከእግረኛ መንገዱ እኩል ስለሆነች የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። እትዬ የሠፈሩን ሰው በጫማው ታውቀዋለች። «መድኃኒት ቀማሚው ዛሬ ተጣልቶ ነው የወጣው፣ ክሩን እንኳ አላሰረም» ትለኛለች።

በያንዳንዱ መጽሐፍ ጀርባ፣ ከሽፋኑ ውስጥ፣ ነጭ ወረቀት እንድትለጥፍ ታዝዛ ነበር። «የአንባቢ አስተያየት» ይላል ከላይ። ሐሳቡ የኃላፊው ነው። ሰው ግን «ጥሩ ነው» ወይም «አሪፍ» ከማለት አያልፍም ነበር። እትዬ ለጥፋ ለጥፋ ሲሰለቻት ራሷ መጻፍ ጀመረች። ያውም ሰው ተሰልፎ በሚወስደው መጽሐፍ ላይ አይደለም። ደረጃው ሥር ባለው የመጨረሻ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጡ መጻሕፍት ነበሩ፦ የመናፍስት ታሪክ፣ ካርታ ላይ የሌሉ መንግሥታት፣ ነፋስ ያገባች ሴት፣ የሞተ የሚነሳበት ከተማ። ደራሲዎቻቸውን ከወለዷቸው እናቶች በቀር የሚያውቃቸው የለም። «የታወቀውን የሚያመሰግነው ሞልቷል፤ እነዚህን ወላጅ አልባዎች ማን ይያቸው?» ትል ነበር።

አስተያየቷ አጭር ነው፤ ግን ይነክሳል። ቤት ስለተከራየ ሰይጣን በሚያወራ ልብ ወለድ ጀርባ፦ «ይህ ሰይጣን ከኃላፊያችን ይሻላል። ቢያንስ አንኳኩቶ ይገባል።» በሌላው ላይ፦ «ጠንቋዩ እስከ ገጽ ሰማንያ አይናገርም፤ ከተናገረ በኋላ ግን ማን ዝም ያሰኘዋል? ሰማንያ ላይ አቁማችሁ መልሱት።» ጥላ ስለሚሸጥባት ከተማ በሚተርከው ላይ ደግሞ፦ «ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ዞር ብዬ ጥላዬን አየሁ።» ሁሉም ሥር «ጥራዝ ነጠቅ» ብላ ትፈርማለች።

ቀስ በቀስ ሰዉ መጽሐፉን ከኋላ መክፈት ለመደ። መድኃኒት ቀማሚው፣ አንድ ባለ ታክሲ፣ ሁለት የኮሌጅ ልጆች መጥተው ደረጃው ሥር ይቆማሉ፤ የጀርባውን ገጽ ያነባሉ፤ ይስቃሉ፤ ይወስዳሉ። አንዱ ከሥሯ «አልስማማም። ጠንቋዩ የሚጥመው ከሰማንያ ወዲያ ነው» ብሎ የጻፈ ዕለት እየሮጠች ወደ እኔ ወጥታ «እሰይ! ተጣላን!» አለች።

ቤቷ ውስጥ የነበራት ሰው አንድ ወንድሟ ብቻ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ታንሳታለህ ብትሉት እንኳ የማያምን፣ ረጅም፣ ተጫዋች ልጅ ነበር። እናታቸው ስትሞት ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት። አድጎ የመብራት መስመር ሠራተኛ ሆነ። ከሥራ ሲገባ ቦት ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ይዘረጋና «እታለም፣ የዛሬው ጋኔን ምን አጠፋ?» ይላታል። እሷ ታነብለታለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማና ይፈርዳል። «ጋኔኑ ልክ ነው። ጥፋቱ የሴትዮዋ ነው፣ ደግሞ አትግቢ የተባለችበት ቤት ምን ታደርጋለች?» ይላል። ከአስተያየቶቿ ግማሹ የሱ እንደነበር እሷው ነግራኛለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ተቋርጧል የተባለ መስመር ሳይቋረጥ ቀረ። ወንድሟ ምሰሶው ላይ ነበር።

እትዬ መጭመቂያውን እያጠበቀች መስኮቷ ጋ አራት ጥንድ ጭቃማ ቦት ጫማዎች ሲቆሙ አየች። አንድ ዓይነት ናቸው፤ የመሥሪያ ቤቱ ጫማ ነው። ጓደኞቹን ይዞ የመጣ መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ የሱን ፈለገች። የግራው ሶል በሽቦ የታሰረ ነበር። አራቱንም ሁለት ጊዜ አየቻቸው፣ የሱ የለም። ጫማዎቹም ወደ በሩ አይሄዱም፤ ማን ቀድሞ ይግባ እየተባባሉ ኖሯል። የነገሩኝ እነሱ ናቸው፤ እኔ ወርጄ ልነግራት ስል ግን መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። መናገር አላስፈለገኝም።

ሥራ የገባችው በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው። የበሩን ካርቶን አንስታ ጥላዋለች፤ ማንም ጥራዝ ነጠቅ ብሎ አልጠራትም። ጠረጴዛዋ ላይ መጽሐፍ ተቆልሎ ነበር። ከላይ የነበረው ቀጭን መጽሐፍ «ከውሃ ሥር ያሉ ዘመዶች» ይላል። ደራሲው የብዕር ስም ነው የተጠቀመው። ሽፋኑ የለቀቀው ሰው ስላነበበው ሳይሆን ሲጀመር ሙጫው መጥፎ ስለነበር ነው።

ታሪኩ ሐይቅ ዳር ስላለች መንደር ነው። የሞቱ ሰዎች ከሐይቁ ሥር ይኖራሉ፤ በዓመት አንድ ቀን ይወጣሉ። ጸጉራቸው ተበጥሮ፣ ልብሳቸው ደርቆ፣ ወደ የቤታቸው ገብተው ከዘመዶቻቸው ጋር እራት በልተው ይመለሳሉ። አንድ አባት ዓመቱን ሙሉ ለዚያ እራት ሲዘጋጅ ይኖራል።

ለምሳ ልጠራት ስወርድ መጽሐፉን ጨርሳ ጀርባው ላይ ትጽፋለች። እስክሪብቶውን አጥብቃ ከመያዟ የተነሳ ጽሑፉ ሥር ባለው ገጽ ላይ ሁሉ ታትሟል።

«ይህን የጻፈ ሰው በሕይወቱ ማንንም አልቀበረም። ቀብሮ ቢያውቅ ኖሮ ሙታንን ጸጉር አበጥሮ እራት ላይ አያስቀምጥም ነበር። የሞተ አይመጣም። ለተጠማ ሰው የውሃ ሥዕል ማሳየት ደግነት አይደለም፣ ማላገጥ ነው። ደራሲው ሌላ ሥራ ይፈልግ። ጥራዝ ነጠቅ።»

«እትዬ፣ ትንሽ አልከበደም?» አልኳት።

«ይክበደው።»

መጽሐፉን ወስጄ ደረጃው ሥር መለስኩት።

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሚመጣ አንድ ጡረተኛ ነበረን። የሂሳብ አስተማሪ የነበረ፣ ዝምተኛ፣ ግራጫ ካፖርቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። እኛ ጋሽ ሐሙስ ነበር የምንለው። ጋዜጣ ያነባል፤ ከዚያ ተነስቶ ደረጃው ሥር ይሄድና አንድ መጽሐፍ ከኋላው ከፍቶ አይቶ ይመልሳል፣ ይወጣል። ስንት ዓመት እንዲያ ሲያደርግ አይቻለሁ። የትኛውን መጽሐፍ እንደሚያይ ግን ልብ ብዬ አላውቅም፤ ሰው ስንት ዓይነት ልማድ አለው።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ ደረጃው ሥር ብዙ ቆየ። ሄጄ ሳይ ቀጭኑን መጽሐፍ ከፍቶ ከኋላው ገጽ በእርሳስ ወደ ደብተሩ ይገለብጣል። እንደጨረሰ ወደኔ መጣ።

«የኔ ልጅ፣ ይህ ጥራዝ ነጠቅ የሚባለው ማነው?»

እኔም ቀልድ መስሎኝ፣ «የኛ ሊቅ ናት ጋሼ! እሷ ጥሩ ካለች ጥሩ ነው፤ መጥፎ ካለች ግን በቃ፣ አለቀለት» አልኩት።

«አለቀለት» አለ ቃሌን ደግሞ። አመስግኖኝ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልመጣም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያን ቀን ያልኩትን ዛሬም ስተኛ እሰማዋለሁ።

ሰባት ወር ያህል ቆይቶ አንዲት ሴት ሦስት ካርቶን መጽሐፍ በጋሪ አስጭና ለቤተ መጻሕፍቱ ልትሰጥ መጣች። አንዱን ካርቶን ስከፍት ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው፣ ገጹ እንኳ ያልተገለጠ። «ከውሃ ሥር ያሉ ዘመዶች።»

«ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» አልኳት።

«አባቴ ነው የጻፈው። ቤት ውስጥ እንዳላየው አውጪልኝ ብሎ ነው። እናንተ ጋ ይመጣ ነበር እኮ፣ ሐሙስ ሐሙስ።»

«አሁንስ ደህና ናቸው?»

«አልጋ ላይ ነው። ሳንባው ነው አሉ፣ ብዙም አይቆይም።» ካርቶኑን በእግሯ ወደኔ ገፋ አደረገችው። «መጽሐፉ ከወጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ አንባቢ ብቻ አስተያየት ጻፈችለት። ገልብጦ አምጥቶ አነበበልኝ። ‹ልክ ናት› አለ። ሁለተኛውን ክፍል እየጻፈ ነበር፣ ተወው።»

«ምኑ ነው ልክ?»

«ማንንም አልቀበረም ብላ ነው የጻፈችው።» ይህን ስትል ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። «ወንድሜ ሐይቅ ውስጥ ቀረ። አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ዘጠኝ። አሥራ ሰባት ቀን ፈለጉት። አልተገኘም። እውነቷን እኮ ነው፣ አባቴ ማንንም አልቀበረም።»

ልንገራት ወይስ አልንገራት እያልኩ ሁለት ቀን ቆየሁ። ኋላ አንዷን ቅጂ ይዤ ወረድኩ። እትዬ እጇ ሙጫ ነክቶት ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፣ እኔ ያልኩትንም ሳልደብቅ። ጣቶቿን ሳትጠርግ ቆማ ሰማችኝ፤ ሙጫው እላይዋ ላይ ደረቀ።

«አስተያየትሽ ያለበትን ገጽ አውጪው» አልኳት። «ጠራዥ ነሽ፤ አንድ ገጽ ብትነቅዪ ማን ያውቃል?»

«እሱ ያውቃል። ገልብጦታል» አለች። ቀጥላም፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ትል ነበር እናቴ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድን። ብቻዬን አልችልም ስላለችኝ ተከተልኳት። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለልጅቱ ደውዬ ማንነታችንን ነግሬያት ስለነበር በሩን ከፍታ ምንም ሳትል አሳለፈችን። ጋሽ ሐሙስ መስኮት አጠገብ ተንጋሎ ነበር። ካፖርቱ በሌለበት ግማሽ ሰው ነው የሚያክለው። ከራስጌው ጠረጴዛ ላይ በጫማ ክር የታሰረ የወረቀት ክምር አለ።

«ጋሼ፣ ጥራዝ ነጠቅ የሚሉኝ እኔ ነኝ» አለች እትዬ ቆማ።

ለረጅም ጊዜ አያት። «ከዚህ ትገዝፊያለሽ ብዬ ነበር» አለ። «ተቀመጪ።»

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«በምን? ስህተት ላይ ኤክስ ያደረገ አስተማሪ ይቅርታ ይጠይቃል?»

«እኔ ስህተት አላረምኩም ጋሼ። ወንድሜን በቀበርኩ በሃያ ሦስት ቀኔ ነው የጻፍኩት። ንዴቴን ነው እርስዎ ላይ የደፋሁት።»

ትንፋሹ እንደ ዛገ በር ይሰማል። «ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ከሞተ በኋላ አየሽው?»

«ፊቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው በክርኑ ተደግፎ ሊነሳ ሞከረ፤ ልጁ ትራስ ደገፈችለት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «አፈሩ ሲወርድ… ምን ዓይነት ድምፅ አለው?»

«አባባ!» አለች ልጁ።

«ተዪኝ። ሰው ሁሉ አፈሩን ገለባ ያርግለት ይለኛል። የትኛውን አፈር? እላለሁ በሆዴ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ቀብር ሄጃለሁ። አፈር መመለስ ሲጀምሩ ግን ዞር ብዬ እወጣለሁ። የልጄን ሳልሰማ የሌላውን እንዴት እሰማለሁ?»

እትዬ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከኔ ጋር እንኳ ስለዚያ ቀን አውርታ አታውቅም።

«መጀመሪያ ሳጥኑን ሲመታው ከባድ ነው» አለች። «በር የሚያንኳኩ ይመስላል። እጃችሁን ያዙ ልል ነበር። ከዚያ አፈር በአፈር ላይ ሲሆን እየለሰለሰ ይሄዳል። መጨረሻ የአካፋው ብቻ ይቀራል። እኔን የከፋኝ መጀመሪያው አይደለም ጋሼ። ድምፁ የለሰለሰ ጊዜ ነው። ሩቅ የሄደ መሰለኝ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማው። እንባው ወደ ጆሮው ይወርዳል፤ አይጠርገውም። «እንዲህ ነው ለካ» አለ። «እንዲህ ነው ለካ…» ከዚያ፣ «ጸጉሩን ስላበጠርኩት ተቆጥተሻል» አላት።

«እባክዎ ጋሼ…»

«ያን ቀን ሳያበጥር ነው የወጣው። ሰው መስለህ አትወጣም ወይ ብዬ ጮህኩበት። መጨረሻ ያልኩት ቃል እሱ ነው። ለዚህ ነው ያበጠርኩት።»

ልጁ ወደ ማድ ቤት ሄደች። ውሃ ስትከፍት ሰማናት፤ ብዙ ጊዜ ሳትዘጋው ቆየች።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ቅዳሜን አላሳለፈችም። ዘጠኝ ቅዳሜ ሄዳለች። ከደረጃው ሥር መጽሐፍ ይዛለት ትሄዳለች፤ እሱ እየሰማ ከአሥር ማርክ ይሰጣል። «ይህ መንፈስ ሁለት መቶ ዓመቴ ነው ይልና የልጅ ልጁ አሥር ዓመት ነው። ሂሳብ አያውቅም፤ ሁለት ቀንሺበት» ይላል። የራሱን መጽሐፍ ግን እንድታነሳው አልፈቀደም። ሁለተኛውን ክፍል ይጨርሱት ብላ ለምናው ነበር። «አንቺ አይደለሽም ያስተውሽኝ፤ ደክሞኝ ነው» አላት። አላመነችውም። እኔም አላመንኩትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እትዬ ግን ወግታም መርሳት አልቻለችም።

ረቡዕ ቀን ሞተ። ቀብሩ ላይ ጥቂት ሰው ነበርን፤ የድሮ ተማሪዎቹ ናቸው የሚበዙት። አፈሩ ሲጀምር ልጁ የእትዬን ክንድ ያዘች። ማናችንም ዞር አላልንም።

ከወር በኋላ ልጅቱ በጫማ ክር የታሰረውን ወረቀት ምድር ቤት ይዛ መጣች። «ትጠርዢልኛለሽ?» አለች። እትዬ ሳምንት ሙሉ አነበበችው። እኔ ቢያንስ ይህ ድንቅ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ራሷን ነቀነቀች። «አያልቅም» አለችኝ። «ልጁ እራት በልቶ ይቀመጣል። አባቱ ያወራዋል፤ አርባ ገጽ፣ ሃምሳ ገጽ። ወደ ውሃው መመለስ አለበት፣ አልመልሰውም ብሎ ነው የተወው።»

በጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ፣ ካላት ሁሉ በተሻለው ክር ሰፋችው። ልጅቱ ልትወስደው ስትመጣ እየዳሰሰችው፣ «ጥሩ ነው እትዬ? እውነቱን ንገሪኝ» አለቻት።

እኔ ብሆን እዋሽ ነበር።

«መጽሐፍ ሆኖ ጥሩ አይደለም» አለች እትዬ። «ልጁን ግን ይወደው ነበር።»

«እሱን አውቃለሁ» አለች ልጅቱ፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። ሦስት ወር አልተመለሰችም።

በቀጭኑ መጽሐፍ ጀርባ ያለው አስተያየት አልተነቀለም። እትዬ ሥሩ ሌላ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምራ ተወችው። በመጨረሻ የጻፈችው፣ «ከላይ ያለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደራሲውን አላውቀውም ነበር» የሚል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ በማንኛውም መጽሐፍ ላይ አልጻፈችም። መድኃኒት ቀማሚው ደጋግሞ ጠየቀኝ። ታማ ነው አልኩት። የኮሌጅ ልጆቹ ተመርቀው ሄዱ። ደረጃው ሥር ያለውም መደርደሪያ እንደ ድሮው አቧራውን መጠጣት ጀመረ። እሷ ወረቀቱን ትለጥፋለች፤ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። የብቻ ቤቷን ለቃለች፤ አሁን የምትኖረው እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጋሽ ሐሙስ ልጅ ጋር ነው። ማን ማንን እንደለመነ አላውቅም። ልጅቱ በአራተኛው ወር መጥታ ምድር ቤቱን አንኳኳች፤ ሁለቱ በር ዘግተው ረጅም ጊዜ አወሩ፤ ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። ሁለቱም ወንድም ነበራቸው።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። መጋረጃ ሊቀይሩ ወንበር ላይ ቆመው ሲጨቃጨቁ ደረስኩ። ልጅቱ ቢጫ ትላለች፣ እትዬ ቢጫ ዓይን ያደክማል ትላለች። ቤቱ ውስጥ መጽሐፍ ፈለግኩ፣ አላየሁም። ሻይ አፈሉልኝ። ለማን እንደምፈርድ ሲጠይቁኝ ለሁለቱም ሳልፈርድ ጠጥቼ ወጣሁ።